ሆዷ እንቁላል ሞልቶ የሞተችው ሳልሞን፣ እና "ብንቆጥር ይጠቅማል ወይ" ላልሽው

እህቴ፣ ሌላውም ሰው እንዲከታተለው ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ባለፈው ኖቬምበር ከልጆችሽ ጋር ዌስት ሲያትል ሎንግፌሎው ክሪክ የሚባለው ጅረት ሄዳችሁ አንዲት ትልቅ ሳልሞን ሞታ አገኛችሁ፣ ሆዷን አውሬ ይሁን ወፍ ቀዶት ውስጡ ብርቱካንማ እንቁላል ሞልቶ ይታያል፣ አጠገባችሁ የቆመ ሰው "ሳልሞን እንቁላል ጥሎ ይሞታል፣ ተፈጥሮው ነው" አላችሁ፣ አንቺ ግን እንቁላሏን እኮ አልጣለችም ብለሽ ነገሩ አልዋጥልሽ አለ። ከዛ የልጅሽ አስተማሪ ዓሣ የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ ስላለችሽ፣ ባዮሎጂ ያልተማረ ሰው ቢቆጥር ለባለሙያዎቹ ይጠቅማቸዋል ወይስ የልጆች መዝናኛ ነው፣ ምንስ ያስፈልጋል፣ ደሞ የባህር ዳር ልጅ ስለሆንሽ ጣና ላይስ እንዲህ ያለ ነገር ይቻላል ወይ ብለሻል። እኔ ስራዬ የጅረት ውሃና ዓሣ ክትትል ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከዓሣዋ ልጀምር ምክንያቱም የቀረውን ሁሉ የሚያስረዳው የሷ ነገር ነው። ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ሰውየው ያለውም በራሱ ውሸት አይደለም፣ እዚህ የምናገኛቸው አምስቱ የፓሲፊክ ሳልሞኖች ማለትም ቺኑክ፣ ኮሆ፣ ሶካይ፣ ቻምና ፒንክ ሁሉም አንዴ ተራብተው ነው የሚሞቱት፣ ከባህር ወደ ወንዝ ሲገቡ መብላት ያቆማሉ፣ ባህር ላይ ያጠራቀሙትን ስብና ስጋ እያቃጠሉ ነው ሽቅብ የሚወጡት፣ ሲሞቱም ሬሳቸው ለጅረቱ ምግብ ይሆናል። ግን ጨርሳ የሞተች ሴት ሳልሞን ሆዷ ባዶ ነው፣ ቢቀር ጥቂት ፍሬ እንቁላል ነው፣ የጅራቷም ጫፍ ጠጠር ስትቆፍር ተልጦ ነጭ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሆዷ እንደሞላ፣ ጅራቷም እንዳማረ የሞተችው ግን ለዚህ ቀን ሦስት ዓመት ኖራ፣ ባህሩን አቋርጣ፣ ደጃፏ ላይ ደርሳ ነው የቀረችው። ይሄ ተፈጥሮ አይደለም። ኮሆ ከነበረች የገደላት የመኪና ጎማ ነው ማለት ይቻላል።

እንዴት መሰለሽ። በ1990ዎቹ (በፈረንጆች ማለቴ ነው፣ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደዛው) ሲያትል የተጎዱ ጅረቶቿን ማደስ ጀመረች፣ ዛፍ ተተከለ፣ የተዘጋው ተከፈተ፣ ጠጠር ገባ፣ ግንድ ተጋደመ፣ ዓሣውም እውነትም ተመለሰ። ሰው ደስ ብሎት ሊያይ ሲወጣ ያገኘው ግን ልክ አንቺ ያየሽውን ነው፣ ኮሆዎቹ ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ ውሃው ላይ እየተንገዳገዱ፣ አፋቸውን እየከፈቱ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ መዞሪያው ጠፍቷቸው ይሞታሉ። ከ2002 ጀምሮ ለዓመታት ሬሳ እየተለቀመ ሆድ እየተከፈተ ሲመዘገብ በሎንግፌሎው ክሪክ እንቁላል ሳይጥሉ የሚሞቱት ሴቶች ከግማሽ በላይ ሆነው ተገኙ፣ አንዳንድ ዓመት ደሞ ሁሉም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ተፈለገ፣ ሙቀት ነው ተባለ አይደለም፣ ኦክስጅን ማነስ ነው ተባለ አይደለም፣ የአትክልት ፀረ ተባይ፣ ብረታ ብረት፣ የነዳጅ ዝቃጭ፣ በሽታ፣ እያንዳንዱ ተሞክሮ ወደቀ።

እዚህ ላይ ነው የቆጣሪዎቹ ስራ የሚገባሽ። ከመዝገቡ ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ ሞቱ ከዝናብ ጋር ይሄዳል፣ በተለይ ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ ከሚጥለው ዝናብ ጋር፣ መኪና የሚበዛበት መንገድ ወደሚፈስበት ጅረት ሲሆን ደሞ ይብሳል። ሁለተኛ፣ ይሄ ነው ዋናው፣ እዛው ጅረት ውስጥ፣ እዛው ውሃ ውስጥ ቻም ሳልሞን ምንም አይሆንም። ኮሆ ሲሞት ቻም እንቁላሉን ጥሎ ጨርሶ ይሞታል። ይሄ እንዲታወቅ እኮ አንድ ሰው ጅረት ዳር ቆሞ "ዓሣ ሞቷል" ብቻ ሳይሆን "ኮሆ ነው፣ ሴት ናት፣ ሆዷ ሙሉ ነው፣ ትናንት ማታ ዘንቧል" ብሎ መጻፍ ነበረበት። አንዷ መስመር ብትጎድል ፍንጩም አብሮ ይጠፋል።

በመጨረሻ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ታኮማ፣ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፑያለፕ ላይ ያሉትና ሌሎች ተመራማሪዎች ሆነው ከጎማ ብናኝ የወጣውን ውሃ ኬሚካል በኬሚካል እየለዩ ሄደው ሄደው ዲሴምበር 2020 ላይ ገዳዩን ስም ሰጡት፣ 6ፒፒዲ-ኩዊኖን ይባላል። 6ፒፒዲ ጎማ አየር ውስጥ ባለው ኦዞን የሚባል ጋዝ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር ነገር ነው፣ የትኛውም ብራንድ ጎማ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል። ስራውን ሲሰራ ከኦዞን ጋር ይዋሃድና 6ፒፒዲ-ኩዊኖን ይሆናል፣ ጎማው አስፋልት ላይ ሲፋቅ ብናኙ ይቀራል፣ ዝናብ ሲመጣ አጥቦ በጎርፍ መውረጃው በኩል በቀጥታ ጅረቱ ውስጥ ይከተዋል። መጠኑን ብነግርሽ ይገርምሻል፣ በኋላ በ2022 ተስተካክሎ እንደተለካው አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 95 ናኖግራም ገደማ ካለ ግማሹን ኮሆ ይገድላል፣ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ የአንድ ግራም አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ምልክቱ አንዴ ከጀመራቸው ደሞ ንጹህ ውሃ ውስጥ ብታስገቢያቸውም አይድኑም።

ደስ የሚለው ግን መፍትሄው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ያው የመንገድ ጎርፍ በአሸዋና በኮምፖስት ድብልቅ አፈር ውስጥ አልፎ ሲወጣ ኮሆዎቹ ሳይሞቱ እንደሚቀሩ ገና ኬሚካሉ ስም ሳያገኝ በ2016 በወጣ ጥናት ታይቷል። መንገድ ዳር ዝቅ ብለው የተሰሩ አትክልት ቦታዎችን አይተሽ ይሆናል፣ ሬይን ጋርደን የሚሏቸው፣ ለውበት ብቻ አይደሉም። በመንግሥት ደረጃ ደሞ 2023 ላይ ዩሮክ፣ ፖርት ጋምብል ስክላላምና ፑያለፕ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ለፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ይሄ ነገር ከጎማ ይውጣልን ብለው አቤቱታ አቀረቡ፣ ተቀበላቸው፣ ካሊፎርኒያም በዛው ዓመት ጎማ ሰሪዎች ሌላ አማራጭ እንዲፈልጉ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። ይሄ ሁሉ የተነሳው አንዳንድ ሰው ጃኬቱን ለብሶ ዝናብ ውስጥ ጅረት ዳር ቆሞ የሞተ ዓሣ ስለመዘገበ ነው፣ ስለዚ ይጠቅማል ወይ ላልሽው መልሴ አዎ፣ በጣም ይጠቅማል ነው፣ ግን አንድ ሁኔታ አለው እሱን አሁን እነግርሻለሁ።

ሁኔታው ምንድነው፣ የሚጠቅመው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፣ አቆጣጠሩ ነው። አንድ ቀን ሄዶ 40 ዓሣ አይቶ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ሰው ደስ ይበለው፣ ለኛ ግን ምንም ማለት አይደለም። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን፣ እዛችው ድልድይ ላይ፣ እኩል ደቂቃ ቆሞ "ዛሬ ዜሮ" ብሎ የሚጽፈው ሰው ነው ወርቅ። ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ከ1996 እስከ 2015 ያካሄደው ሳልሞን ዋቸር የሚባል የነዋሪዎች ፕሮግራም ነበር፣ አሰራሩ በጣም ቀላል ነበር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተመደበልሽ ቦታ ላይ 15 ደቂቃ ቆመሽ ታያለሽ፣ ያየሽውን ትጽፊያለሽ፣ ካላየሽ አላየሁም ብለሽ ትጽፊያለሽ። በቃ። ከዛ መዝገብ ነው የትኛው ዓሣ የት ጅረት ድረስ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው የመንገድ ቱቦ እንደሚያግደው በብዙ ቦታ የታወቀው።

ሰው ዜሮ መጻፍ ይከብደዋል፣ የባከነ ቀን ይመስለዋል፣ ስለዚ ዜሮ የታየበትን ቀን ፎርም ሳይልከው ይተወዋል። ይሄ ትልቁ ችግራችን ነው። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ። በየሰባት ቀኑ ቆጠርሽ እንበልና በመጀመሪያው ሳምንት 0፣ ቀጥሎ 6፣ ቀጥሎ 20፣ ቀጥሎ 8፣ በመጨረሻ 0 በሕይወት ያለ ዓሣ አየሽ። ስንት ዓሣ ገባ? ብትደምሪው 34 ይሆናል ግን ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ዓሣዋ ጅረቱ ውስጥ ብዙ ቀን ስለምትቆይ ያችኑ ዓሣ ሁለቴ ቆጥረሻታል። ስለዚ እንደዚ ነው የምናደርገው፣ በሁለት ቆጠራ መካከል ያለውን አማካይ በሰባት ቀን እናባዛለን፣ 0ና 6 መካከል 3 ሲባዛ በ7፣ 21፣ ከዛ 13 በ7፣ 91፣ ከዛ 14 በ7፣ 98፣ ከዛ 4 በ7፣ 28፣ ድምሩ 238 ይሆናል። አንድ ዓሣ በአማካይ 10 ቀን ትቆያለች ብለን ከያዝን 238ን ለ10 እናካፍላለን፣ ወደ 24 ዓሣ ገባ ማለት ነው። አሁን የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ዜሮ አውጫቸው። መቼ እንደጀመረ አናውቅም፣ መቼ እንዳለቀ አናውቅም፣ ሂሳቡ አይዘጋም። ዜሮዎቹ ናቸው ሂሳቡን የሚዘጉት። ደሞ የቆይታውን ቀን እንደ ዓሣው ዓይነትና እንደ ጅረቱ ነው የምንቀይረው፣ 10 ያልኩሽ ለምሳሌ ነው።

ሌላው ሰው የሚያፍርበት ነገር "አላወቅኩትም" ብሎ መጻፍ ነው። ፎርሙ ላይ ዓይነቱ ያልታወቀ የምትል ሳጥን አለች፣ ለቁም ነገር ነው የተቀመጠችው፣ እርግጠኛ ካልሆንሽ እሷ ላይ አድርጊ። በግምት ኮሆ የተባለ ቻም ከላይ የነገርኩሽን ዓይነት ፍንጭ ነው የሚያበላሸው።

ለመለየት ያህል ግን ብዙም አይከብድም፣ በሁለት ሶስት ጊዜ ዓይንሽ ይለምዳል። ቻም ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሐምራዊና አረንጓዴ ዥንጉርጉር መስመሮች አሉት፣ ወንዱ ጥርሱ ያገጠጠ ነው። ሶካይ ጭንቅላቱ አረንጓዴ አካሉ ቀይ ነው፣ ከሩቅ ያስታውቃል። ፒንክ ትንሽ ነው፣ ወንዱ ጀርባው ላይ ጉብታ ያወጣል፣ እዚህ ፒውጀት ሳውንድ በሚባለው የሲያትል ባህር አካባቢ በብዛት የሚመጣው ዓመተ ምህረቱ ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን ነው። የሚያሳስቱት ኮሆና ቺኑክ ናቸው፣ ቺኑክ ትልቅ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣቡ ጅራቱ ላይ ከላይም ከታችም አለ፣ ድዱም ጥቁር ነው፣ ኮሆ ግን ነጠብጣቡ የጅራቱ የላይኛው ግማሽ ላይ ብቻ ነው፣ ድዱ ነጣ ያለ ነው፣ ወንዱ ጎኑ ይቀላል። ከሞተ ዓሣ ላይ ደሞ አንድ ነገር እዪ፣ ከጀርባው ወደ ጅራቱ ጠጋ ብላ አንዲት ትንሽ ስጋማ ክንፍ አለች፣ እሷ ተቆርጣ ከሆነ ዓሣው ማራቢያ ጣቢያ የተወለደ ነው፣ ካለች ምናልባት የዱር ነው። ይቺን ብቻ መዝግቦ መላክ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው።

ምን ያስፈልጋል ላልሽው፣ የሚያስፈልገው ፖላራይዝድ መነጽር ነው፣ የውሃውን ነጸብራቅ ይቆርጠዋል፣ ያለሱ ሰማዩን ነው የምታዪው። እርሳስ ያዢ፣ እስክሪብቶ ዝናብ ላይ አይጽፍም። ስትደርሺ ቶሎ አትቁጠሪ፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ዓሣው ጥላሽን አይቶ ተደብቆ ይሆናል፣ መጀመሪያ የምታዪው ዓሣውን ሳይሆን እንቅስቃሴ ወይ የተላጠ ነጭ ጅራት ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ያልሽውም አያሳስብሽ፣ ፎርሙ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥርና ምልክት ነው፣ የቀረውን ልጆችሽ ይሞሉታል፣ እንዲያውም አብሮ ለመስራት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

እባክሽ ጅረቱ ውስጥ ግን አትግቡ። ሴቷ በጅራቷ ጠጠሩን ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብርና መልሳ ትሸፍነዋለች፣ ከላይ ስታዪው ከሌላው ነጣ ያለ፣ ንጹህ የሆነ የጠጠር ቦታ ነው፣ ፊት ለፊቱ ጎድጎድ ወደታች በኩል ክምር ያለው። እዛ ውስጥ ሺዎች እንቁላል እስከ ጸደይ ድረስ ተቀብሮ ይቆያል፣ አንድ እርምጃ ብዙ ይጨርሳል፣ ዓሣዎቹ ካለቁ በኋላ ጃንዋሪ ፌብሩዋሪ ላይም ቢሆን። ሬሳ መንካት፣ ሆድ መክፈት የሰለጠኑና ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስራ ነው፣ አንዴ የተቆጠረ ሬሳ ድጋሚ እንዳይቆጠር ጅራቱን ይቆርጡታል፣ ስለዚ ጅራት የሌለው ሬሳ ካየሽ ተቆጥሯል ማለት ነው። ዓሣውን ወደ ቤት ወስዶ መብላት ሕገ ወጥ ነው፣ የፒውጀት ሳውንድ ቺኑክ ከ1999 ጀምሮ በፌደራል ሕግ በስጋት ላይ ያለ ተብሎ የተጠበቀ ነው። ውሻ ካላችሁ በገመድ ያዙት፣ ጥሬ ሳልሞን ውስጥ ባለ ጥገኛ ትል የሚተላለፍ ባክቴሪያ አለ፣ ሰውን ምንም አያደርግም ውሻን ግን ቶሎ ካልታከመ ይገድላል፣ ይሄን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ።

ዓሣ ከሌለ ጊዜስ? ክትትሉ እኮ የኖቬምበር ብቻ አይደለም፣ እንደ እኔ ከሆነ ሰው የሚረሳው የዚህ አገር በጋ (ጁላይ፣ ኦገስት) ክትትል ነው የበለጠ የሚያስፈልገው። ኮሆ ከጠጠር ከወጣ በኋላ አንድ ዓመት ያህል እዛው ጅረት ውስጥ ነው የሚያድገው፣ ቻም ግን እንደወጣ ወደ ባህር ይሄዳል። ስለዚ ኦገስት ላይ ጅረቱ ከሞቀ የሚጎዳው ኮሆ ነው፣ እንደገና። የዋሽንግተን ሕግ ለነዚህ ጅረቶች እንደ ደረጃቸው 16 ወይም 17.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላል፣ ግን የአንድ ቀን ልክ አይደለም፣ የየቀኑ ከፍተኛው ሙቀት የሰባት ቀን አማካይ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሄደሽ 14 ብታገኚ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ 19 ሊሆን ይችላል፣ ለዛ ነው ሰዓቱን መጻፍ ግድ የሚሆነው፣ ለዛም ነው በየግማሽ ሰዓቱ ራሱ የሚለካ መሳሪያ ውሃ ውስጥ አስረን የምንተወው። ቀዝቃዛ ውሃ ደሞ ኦክስጅን ይይዛል፣ 10 ዲግሪ ላይ በሊትር ወደ 11 ሚሊግራም ሊይዝ የሚችለው ውሃ 20 ዲግሪ ሲሆን ወደ 9 ይወርዳል፣ ሙቀቱና የኦክስጅኑ ማነስ ባንድ ላይ ነው ዓሣው ላይ የሚመጣው።

ከሁሉም እኔ የምወደው የነፍሳት ክትትል ነው። ከድንጋይ ስር ያሉትን የሜይፍላይ፣ የስቶንፍላይና የካዲስፍላይ እጮች ሰብስቦ ስንት ዓይነት እንዳለ መቁጠር ነው። የምትለኪው ውሃ ያን ሰዓት ያለውን ብቻ ነው የሚነግርሽ፣ እጮቹ ግን እዛው ወራት አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ ስለሚኖሩ አንቺ ቤትሽ ተኝተሽ ሳለ ያለፈውን ሁሉ ያውቁታል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ካር ባዳበረው ዘዴ ጅረቱ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጠዋል፣ የከተማ ጅረቶች ብዙ ጊዜ ነጥባቸው ዝቅተኛ ነው። ይሄኛው ስልጠናና ላብራቶሪ ይፈልጋል፣ ግን ናሙና ለመሰብሰብ በጎ ፈቃደኛ የሚወስዱ አሉ።

የት ልሂድ ካልሽ፣ በቅርብሽ የሚሆነውን ልንገርሽ። ሬንተን ከሆንሽ ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ሲዳር ሪቨር ላይ ነው የተሰራው፣ ከድልድዩ ላይ ሆነሽ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ሶካይና ቺኑክ ታያለሽ፣ ኦክቶበር ላይ ቅዳሜና እሁድ ወንዙ ዳር የሚያስረዱ በጎ ፈቃደኞችም ይቆማሉ፣ ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ቻም ለማየት ኖቬምበር ላይ ካርኪክ ፓርክ ያለው ፓይፐርስ ክሪክ፣ የቻምን ዥንጉርጉር ያስተማረ ቦታ እሱ ነው ለብዙ ሰው። ባላርድ ሎክስ በሚባለው የመርከብ መሻገሪያ ያለው የዓሣ መሰላል፣ ማለትም ዓሣው ሽቅብ የሚወጣበት የውሃ ደረጃ፣ መስኮት ስላለው ልጆች ፊት ለፊት ያዩታል። እዛ ያሉት አስረጂዎች ጋ ተመዝገቢ ወይም ካውንቲው ሳልሞን ሲዝን በሚለው ፕሮግራሙ ቦታና ጊዜ በየዓመቱ ያወጣል፣ ከዛ ተነሺ። የሞተ ኮሆ መመዝገብ ከሆነ ፍላጎትሽ፣ ያገራችን ሰው በብዛት ከሚኖርበት ሲታክና ቡሪየን ጎን ሚለር ክሪክና ዎከር ክሪክ ላይ ነዋሪዎች ሰልጥነው በየሳምንቱ እየተራመዱ ይመዘግባሉ፣ የሰለጠነ ሰው እጅ ነው የሚያንሳቸው። ማንም ጋ ሳትመዘገቢ የሞተ ዓሣ ካጋጠመሽ ደሞ ሳትነኪ ጎኑን፣ ጅራቱንና ሆዱን ለየብቻ ፎቶ አንሺ፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ አንድ ነገር አስቀምጪ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቅርብ ያለውን መንገድ፣ ዘንቦ እንደነበር ጻፊና ለከተማው ወይ ለካውንቲው ላኪ። ዘይት ወይ ቀለም ሲፈስ ካየሽ ግን ፎቶ ላይ አትቆዪ፣ ቶሎ ደውዪ። እቤት ደሞ መኪና መንገድ ላይ አትጠቡ፣ እዚህ በብዙ ሰፈር የመንገድ ጎርፍ ሳይጣራ ጅረት ነው የሚገባው፣ የመኪና ማጠቢያ ቤቶቹ ውሃ ግን ወደ ማጣሪያ ይሄዳል።

አሁን ጣና። ጥያቄሽ በጣም ነው ደስ ያለኝ ምክንያቱም ይቻላል ብቻ ሳይሆን ያስፈልጋል። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የሌሉ ከአስር በላይ የሚሆኑ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፣ ሌላ ቦታ ቢልጫ የሚሉት ቤተሰብ ነው፣ ከነሱም ገሚሶቹ ልክ እንደ ሳልሞን ለመራባት ወንዝ ይወጣሉ፣ ክረምቱ ሲገባ ከሐምሌ ነሐሴ ጀምሮ እስከ መስከረም ጥቅምት ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ግልገል ዓባይን ይዘው ጠጠር ወዳለበት ሽቅብ ይሄዳሉ። ልዩነቱ እነሱ አይሞቱም፣ ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፣ በየዓመቱም ሊመጡ ይችላሉ። አደጋቸው ግን ከሳልሞን ጋር አንድ ነው፣ ሁሉም ባንድ ወቅት ባንድ ጠባብ በር ነው የሚያልፉት። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሐይቁ ላይ ከገባ በኋላ በወንዙ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት በዛ፣ በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማደንዘዝም አለ፣ በ1990ዎቹ ውስጥ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በሶስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ይሄን ያሳየው የተመራማሪዎች ተደጋጋሚ ቆጠራ ነው። እዛ ራቅ ብሎ ካለ ላብራቶሪ ይልቅ ወንዙ ዳር ያለው ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ነው መጀመሪያ የሚያየው፣ ዓሣው በየትኛው ሳምንት እንደገባ፣ ውሃው መቼ እንደደፈረሰ፣ የትኛው መሻገሪያ ጋ እንደቆመ። ውሃው በክረምት ስለሚደፈርስ እንደዚህ አገር ከድልድይ ላይ አይቶ መቁጠር አይሆንም፣ አስጋሪው ያወጣውን በዓይነትና በቁጥር በየቀኑ መመዝገብ ግን ይሆናል፣ ያልያዘበትንም ቀን ጭምር። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲና እዛው ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ዝርያዎቹን የሚለዩ ባለሙያዎች አሏቸው፣ ዘመድ ወይ ጎረቤት አስጋሪ ካለሽ መጀመሪያ እሱን ጠይቂው፣ ጉማራ ላይ ከሆነ የበለጠ ጥሩ ነው፣ ብዙ የቆየ መረጃ ያለው እዛ ስለሆነ አዲሱን ከድሮው ጋር ማወዳደር ይቻላል። ሰው ካገኘሽ ጻፊልኝ፣ ዓይነቶቹን በስዕልና ባስጋሪዎቹ በራሳቸው ስም የያዘ አንድ ገጽ ፎርም አዘጋጅቼ እልክልሻለሁ።